ለትራክ ዋዜማ ሞተር አትፍቱ

ሰሚት ፖይንት፣ ሞተርሳይክል ይዘን በፍጥነት መንዳት የምንለማመድበት የእሽቅድምድም ትራክ፣ ከዲሲ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይርቃል፣ ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ። መመላለስ ስጀምር አበሻ አላይም ነበር። አሁን ጠዋት ሞተሬን ከመኪና ሳወርድ "ሰላም ነው ወንድሜ?" የሚል ድምፅ እሰማለሁ። ደስ ይለኛል። ቀጥሎ የምሰማው ግን "ቺያቬ አለህ?" ነው፣ ብሎን መፍቻ ፍለጋ። እዚህ ላይ ነው የምናደደው።

ከስህተቶች ሁሉ የሚብሰው በዋዜማው ማታ ሞተር መፍታት ነው። አዲስ ጎማ፣ አዲስ የፍሬን ሸራ፣ አዲስ ካቴና፣ ሁሉም ለነገ! አዲስ ጎማ ላዩ ያንሸራትታል፤ ትንሽ ተነድቶ መሻከር አለበት። አዲስ ሸራ ከዲስኩ ጋር እስኪላመድ በደንብ አይዝም። ሰውዬው ሁለቱንም በማለዳ፣ በማያውቀው ኩርባ ሊሞክራቸው ነው እንግዲህ። "ትናንት ማታ ነው ያስገባሁት" ብሎ ደግሞ ፈገግ ይላል። ምን ያስቃል?

የምቆጣው እኔም ስላደረግኩት ነው። ትራክ ስገባ ሦስተኛ ጊዜዬ ነበር። ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ዘይት ልቀይር ተነሳሁ። ባለቤቴ "ለምን አሁን?" ብላኝ ነበር። የታችኛውን ብሎን በእጄ አስገባሁና ስልክ ጠራ። ተመልሼ ዘይቱን ሞላሁ። ብሎኑን በቁልፍ ማጥበቅ ተረሳ። በነጋታው ገና ሁለት ዙር ሳንሄድ ሁሉንም የሚያስቆመው ቀይ ባንዲራ ወጣ። "ማን ወድቆ ይሆን?" እያልኩ ስገባ ሠራተኛው የሞተሬን ሆድ ይጠቁማል። የኋላ ጎማዬ በዘይት ርሷል። ያልወደቅኩት በጉብዝና አይደለም። ዘይት የሚመጥ ዱቄት ሲበትኑ፣ ሲጠርጉ፣ የቡድናችን የመንጃ ተራ፣ 20 ደቂቃው፣ አለቀ። ማንም አልሰደበኝም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ትራኩ ቅዳሜ ከሆነ ሥራው ሁሉ ማክሰኞ ያልቃል። ረቡዕና ሐሙስ ሥራ የምሄደው በዚያው ሞተር ነው። የሚላላው ይላላ፣ የሚያፈሰው ያፍስስ፣ ግን እዚሁ ሰፈሬ።

የጎማ ነፋስም አለ። "መመሪያው የፊቱን 36፣ የኋላውን 42 ይላል" ብለው በዚያው ሊገቡ ይፈልጋሉ። እሱ ለመንገድ ነው። ትራክ ላይ ጎማው ሲግል ነፋሱ ይጨምራል፣ አስፋልቱን የሚነካው የጎማ ስፋት ይቀንሳል። ስንት ይሁን? እንደ ጎማው ዓይነት ነው፤ አስተማሪውን ወይም ጎማ ሻጩን ጠይቁ። መለኪያ የራሳችሁን ያዙ።

አንቲፍሪዝ ከራዲያተር ወጥቶ በውሃ እንዲተካ የሚጠይቁ አዘጋጆች ብዙ ናቸው። አስፋልት ላይ ከፈሰሰ እንደ ሳሙና ነው፣ ቶሎም አይደርቅም። ለጀማሪ ቡድን የሚምሩ አሉ፣ ደንቡን ቀድማችሁ አንብቡ። ብርድ ሳይገባ መመለሱንም አትርሱ። ውሃ ሲበርድ በረዶ ይሆንና ሞተር ይሰነጥቃል።

መብራት የምትሸፍኑት በቀለም ቀቢዎች ፕላስተር ይሁን። ግራጫው ሙጫውን ትቶባችሁ ነው የሚሄደው።

ከላይ ቆዳ ጃኬት፣ ከታች ጂንስ? አያስገቧችሁም። ሙሉ የቆዳ ልብሱን ደግሞ ቤት ሞተር ላይ ቁጭ ብላችሁ ሞክሩት። ቆመው ልክ የሆነው ሲቀመጡ ጉልበት ላይ ያንቃል።

ቪዲዮ አይቶ መምጣት ጥሩ ነው። ግን ሰሚት ፖይንት ውስጥ ያለው ትራክ አንድ አይደለም። ዋናው አለ፣ ሼናንዶዋ አለ፣ ጄፈርሰን አለ። አንዱ የሼናንዶዋን፣ ከጀርመኑ ኑርቡርግሪንግ ትራክ የተቀዳውን ጎድጓዳ ኩርባ ሳይቀር፣ ሸምድዶ መጣ። ሥልጠናው ዋናው ትራክ ላይ ነበር። ምስኪን!

ሆድን በተመለከተ ሁለት ዓይነት ሰው አለ። አንደኛው ምሳ ላይ ክትፎ በልቶ ከሰዓት በኋላ ኩርባ ላይ የሚያንቀላፋው ነው። ሁለተኛው የሚያሳስበኝ ነው። ፍልሰታ እዚህ አገር ሙቀቱ በሚያነድበት በኦገስት ነው የሚውለው። አንድ ልጅ ውሃ እንኳ ሳይቀምስ፣ ጥቁር ቆዳ ለብሶ ገባ። በሦስተኛው ተራ ላይ ከትራኩ ወደ ማረፊያው መግቢያውን አልፎት ሄደ። "ባንዲራውን አላየኸውም?" ስንለው የቱን ባንዲራ እንደምንል አላወቀም። ጥላ ሥር አስተኛነው። ጾሙን ጹሙ፣ የትራኩን ቀን ግን ወደ ሌላ ሳምንት አድርጉት። በሌላው ጊዜ በሶ በጥብጣችሁ ያዙ፣ እዚያ ከሚሸጠው ሁሉ ይሻላል።

ስልክ መሪው ላይ አስሮ የዙሩን ሰዓት መያዝ የሚፈልግም አይጠፋም። ፍቱት። ኩርባ ሲያመልጣችሁ ሣሩን አትዩ። ዓይናችሁ ያረፈበት ነው የምትሄዱት።

ባለፈው ወር አንድ አዲስ ልጅ ገና ሳይነጋ መጥቶ ቺያቬ ለመነኝ። ደሜ ፈላ። "ምን ልትፈታ ነው?" አልኩት።

"ስፖኪዮውን ላወልቅ ነው፣ ጋሼ።"

ሰጠሁት።