የድሮ ላንድሮቨርን መልሶ መግጠም፦ በሩ ሳይሰቀል ብሎኑ አይጥበቅ

ዝገቱ ተጠርጎ፣ ሻንሲው (የመኪናው የታች የብረት አጽም) ተበይዶ የተዘጋጀ ላንድሮቨርን መልሶ መግጠም ከማፍረሱ የበለጠ ትዕግሥት ይጠይቃል። እኔ በግቢዬ የገጠምኩት በፊትና በኋላ ጎማዎቹ መካከል 109 ኢንች ርቀት ያለው ሲሪስ 3 ነው፤ ይህ ዓይነት እ.ኤ.አ. ከ1971 እስከ 1985 ድረስ የተመረተ ሲሆን፣ የማቀርበው ቅደም ተከተል በአብዛኛው ለሲሪስ 2 ጭምር ይሠራል።

ከሁሉ አስቀድሞ የኢንች መፍቻዎችን ያሰናዱ። ራሱ ግማሽ ኢንች ለሆነ ብሎን 13 ቁጥር (ሚሊ ሜትር) መፍቻ የሚበቃ ይመስላል፤ ነገር ግን የብሎኑ ራስ 12.7 ሚሊ ሜትር በመሆኑ መፍቻው ይላላና ጠርዙን ይበላዋል። እኔ የኢንች መፍቻዎቼን ያገኘሁት ምናለሽ ተራ ከአሮጌ ብረታ ብረት መካከል ነው፤ ከርካሾቹ አዳዲስ መፍቻዎች እጅግ የተሻሉ ሆነው አግኝቻቸዋለሁ።

አክስሎቹንና ባሌስትራዎቹን (ክብደቱን የሚሸከሙትን ተደራራቢ የብረት ስፕሪንጎች) ከሻንሲው ጋር ይግጠሙ፤ የባሌስትራው ብሎኖች ግን መኪናው በጎማው ቆሞ ክብደቱን እስኪሸከም ድረስ አይጥበቁ። አየር ላይ ሳለ ከጠበቁ በባሌስትራው ዓይን ውስጥ ያለው ጎማ እንደተጠማዘዘ ይቀርና ቶሎ ይቀደዳል። ቀጥሎ የፍሬንና የነዳጅ ቱቦዎቹን ዘርግተው ሞተሩንና ካምቢዮውን ሻንሲው ላይ ያስቀምጡ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በሞተሩና በሹፌሩ መካከል የሚቆመውን የብረት ግድግዳ ሲያስቀምጥ ነው። የፊት በሮቹ ማጠፊያዎች የሚያያዙት በዚህ ግድግዳ ላይ ነው፤ የበሩን መቆለፊያ የሚቀበለው ግን ከኋላ ያለው ምሰሶ ነው። የፊት መስታወቱም በግድግዳው ላይ ቆሞ ጣሪያውን ይይዛል። ስለዚህ ግድግዳው ከእግሩ ጥቂት ቢያዘነብል ስሕተቱ ወደ ላይ እየሰፋ ይሄዳል። እኔ ይህን ባለማወቄ ግድግዳውን አስቀምጬ ብሎኖቹን እስከ መጨረሻው አጠበቅሁ፤ ቀለምም አስቀባሁ። ከሦስት ሳምንት በኋላ የግራውን በር ስሰቅል በበሩና በኋለኛው ምሰሶ መካከል ከላይ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ታየ፤ ከታች ደግሞ የበሩ ጠርዝ ምሰሶውን እየፈተገ አዲሱን ቀለም ላጠው። አንድ የባትላሜራ ባለሙያ በሩን በእንጨት እየተጫነ ሊያቀናው ሐሳብ አቀረበ፤ እኔ ግን አልተስማማሁም፤ ምክንያቱም በሩን ማጣመም ጥፋቱን ወደ ሌላ ቦታ ከማዛወር በቀር አያስተካክለውም። ጣሪያውን፣ መስታወቱንና በሮቹን አውርጄ ሥራውን እንደገና ጀመርኩ፤ የቀለሙም ወጪ ሁለት እጥፍ ሆነ።

ትክክለኛው አሠራር የሚከተለው ነው። መኪናው በአራቱም ጎማዎቹ ደልዳላ ወለል ላይ ይቁም፤ በክሪክ በአንድ ጎን የተነሣ ሻንሲ ሊጠማዘዝ ስለሚችል ልኩን ያሳስታል። ግድግዳውን በረጃጅሞቹ ብሎኖች አስቀምጠው ዳዶዎቹን በጣት ብቻ ይያዙ፤ የኋላውንም አካል እንዲሁ ሳያጠብቁ ያስቀምጡ። ከዚያ ሁለቱን በሮች ከነማሸጊያ ጎማቸው ይስቀሉ፤ ያለ ጎማው የተለካ ክፍተት ኋላ ላይ ይለወጣልና ይህን አይዝለሉ። የመስታወቱን ፍሬምና ጣሪያውንም ይጨምሩ። ክፍተቱ ከላይ ከሰፋ ግድግዳው ወደ ፊት አዘንብሏል ማለት ነው፤ ከሻንሲው ጋር በሚያያይዙት ደጋፊ ብረቶች ዘንድ ስስ ላሜራ እያስገቡ ያቅኑት። በሮቹ ያለ ግፊት ሲዘጉ ብቻ ከግራ ወደ ቀኝ እየተፈራረቁ ያጥብቁ፤ አንድ ዳዶ በጠበቀ ቁጥር በሩን ከፍተው ይዝጉ። የእኔ በሮች ልክ እስኪመጡ ሁለት ሙሉ ቀን ፈጅተዋል፤ ከዚያ ባነሰ ጊዜ ለመጨረስ መቸኮልን አልመክርም። ይህ ሁሉ ከቀለም በፊት መከናወን አለበት።

የውጭው ላሜራ በአብዛኛው አሉሚኒየም ነው፤ ላንድሮቨር እ.ኤ.አ. በ1948 ሲጀመር በብሪታንያ ብረት በኮታ የሚታደል ስለነበር አምራቾቹ አሉሚኒየምን መረጡ። ይሁን እንጂ አሉሚኒየም በእርጥበት ውስጥ ከብረት ጋር ሲነካካ እየተበላ ነጭ ዱቄት ይሆናል፤ በክረምት ደጅ ለሚያድር መኪና ይህ ከባድ ጉዳት ነው። ሁለቱ በሚገናኙበት ሁሉ ስስ ጎማ ያስገቡ።

የኤሌክትሪክ ገመዶቹን ሲዘረጉ ከሻንሲው ጋር የሚያያዘው ገመድ በሚያርፍበት ቦታ ቀለሙን እስከ ብረቱ ድረስ ይፋቁ፤ ቀለም ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። በቀደሙት ሲሪስ 2 መኪኖች ከሻንሲው ጋር የሚያያዘው የባትሪው ፖዘቲቭ ስለሆነ ባትሪውን ከመግጠምዎ በፊት ያረጋግጡ። ራዲያተሩ፣ የፊት ጭቃ መከላከያዎቹና ኮፈኑ በመጨረሻ ይገባሉ።

ፍሬኑን አየር አስወጥተው ከሞከሩ በኋላ ብቻ ከግቢ ይውጡ፤ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ከተነዳም በኋላ አክስሉን ከባሌስትራው ጋር የሚያስሩትን ብሎኖችና የቸርኬውን ዳዶዎች እንደገና ያጥብቁ።