ካይሜራው አልመጣ ሲለኝ

256 ኦሲሌተሮችን (እየደጋገሙ የሚመቱ፣ የሚወዛወዙ ነገሮችን) ቀለበት ላይ ደርድሬ በኮምፒውተር ሲሙሌሽን አስኬድኩ። ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው። የምፈልገው ገሚሶቹ እኩል እየመቱ ገሚሶቹ እንደተበታተኑ እንዲቆዩ ነው። ተመራማሪዎቹ ኩራሞቶና ባቶግቶክ እ.ኤ.አ. በ2002 ያሳዩት፣ አብራምስና ስትሮጋትዝ በ2004 «ካይሜራ» ያሉት ነገር ማለት ነው። እኔ ጋ ግን ሁሉም ወዲያው ይገጥማሉ።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት የጊዜ እርምጃውን፣ ማለትም ስሌቱ በአንድ ጊዜ ምን ያህል ወደፊት እንደሚራመድ፣ ነበር። አሳነስኩት፤ ለውጥ የለም። ቁልፉ ያለው መነሻው ላይ ነው። ሙሉ መገጣጠምም በራሱ የተረጋጋ ሁኔታ ስለሆነ፣ ሲስተሙ ባገኘው አጋጣሚ ወደዚያ ይሳባል። ስለዚህ የመነሻ ፌዞቹን (እያንዳንዱ ኦሲሌተር ከዑደቱ የት ላይ እንደሚጀምር) ቀየርኳቸው፦ ቀለበቱ መሀል ላይ በደንብ የተዘበራረቁ፣ ከዚያ እየራቁ ሲሄዱ ግን ዝብርቅርቁ እየከሰመ ዜሮ የሚጠጋ። ኦሲሌተሮቹ አንዱ በሌላው ላይ ተጽዕኖ ሲያደርጉ የሚገባውን የፌዝ መዘግየት፣ አልፋን፣ 1.457 አደረግኩት፤ ከፓይ ግማሽ ትንሽ ዝቅ ይላል። የግንኙነቱ ጥንካሬ ደግሞ ከርቀት ጋር በኤክስፖኔንሻል ይቀንሳል።

መጣ! ግራፉ ላይ ዳርና ዳር ያሉት ነጥቦች ለስላሳ መስመር ሠሩ፣ መሀል ያሉት ከላይ እስከ ታች ተበተኑ። ሕጉ ለሁሉም አንድ ነው፤ ግን ይሄው ተለያዩ። በጣም ነው የሚያምረው።

የመላውን ኔትወርክ ኦርደር ፓራሜተር (ምን ያህል እንደገጠሙ ከ0 እስከ 1 የሚለካውን ቁጥር) ብቻ ካያችሁ ግን ካይሜራውን ሳታዩት ታልፉታላችሁ። መካከለኛ ቁጥር ይሰጣችኋል፤ ያ ደግሞ ከብዙ ነገር ሊመጣ ይችላል። ለእያንዳንዱ ኦሲሌተር ቅርብ ጎረቤቶቹን ብቻ ወስዳችሁ አስሉት። በገጠመው በኩል ወደ 1 ይጠጋል፣ በተበተነው በኩል ይወርዳል። የኦሲሌተሮቹንም ቁጥር አታሳንሱ፤ ጥቂት ሲሆኑ ካይሜራው ቶሎ ይፈርሳል።