የተዛባ የእንቅልፍ ሰዓት እንዴት ይስተካከላል? (ለሌሊት ሺፍት ሰራተኞችና ማታ ማታ እንቅልፍ እምቢ ላላቸው)

ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ ስለሆነች የሌሊት ሺፍት የሚገባ ሰው የሌለበት ግቢ ብዙም የለም፣ ደሴ ደግሞ ጥበቃው አለ ነርሷ አለች በርጫ ይዞ የሚያመሸው ተማሪ አለ። ሁሉም የሚሉት ተመሳሳይ ነው፣ ጸባዬ ተቀየረ፣ በትንሽ በትልቁ ቱግ እላለሁ፣ ስተኛ እንቅልፍ የለም ስነሳ ጉልበት የለም። ጎረቤት ዓይን ነው ይላል፣ እኔ ግን መጀመሪያ ብርሃኑን እዩት ነው የምለው።

ነገሩ ምን መሰላችሁ፣ አንጎላችን ውስጥ ከሁለቱ አይን የሚመጡት ነርቮች ከሚተላለፉበት ቦታ ትንሽ ከፍ ብሎ 20 ሺ ገደማ ሴሎች ያሉበት ትንሽዬ ስፍራ አለ፣ የሰውነት ሰዓት የሚባለው እሱ ነው፣ በዋናነት የሚስተካከለውም በአይን በሚገባ ብርሃን ነው። ሲጨልም ሜላቶኒን የሚባለው እንቅልፍ ጠሪ ሆርሞን ይለቀቃል፣ ሊነጋጋ ሲል ኮርቲዞል የሚባለው የሚያነቃ ሆርሞን ከፍ ይላል፣ ነቅተን በቆየን ቁጥር ደግሞ አዴኖሲን የሚባል ኬሚካል እየተጠራቀመ ያደክመናል። እነዚህ ካልተገጣጠሙ ደክሟችሁም ቢሆን ጣራ እያያችሁ ታድራላችሁ። እንቅልፍ ያጣ ሰው አንጎል ላይ ደግሞ ፍርሃትና ንዴት የሚቀሰቅሰው አሚግዳላ ይብስበትና የሚያረጋጋው የፊተኛው ክፍል ይለግማል፣ ልጅ ብርጭቆ ሰበረ ተብሎ ቤት የሚታመሰው ለዛ ነው። ግሬሊን የሚባለው የረሃብ ሆርሞንም ስለሚጨምር ሌሊት ላይ ጣፋጭ ጣፋጭ ይላችኋል። በነገራችን ላይ ይሄ ሰዓት ሴል ውስጥ እንዴት እንደሚሰራ በዝንብ ላይ ያጠኑ ሶስት አሜሪካውያን በ2017 እ.ኤ.አ. ኖቤል ወስደውበታል፣ ተራ ወሬ አይደለም ለማለት ነው።

እሺ ወደ ስራው።

1. የመነሻ ሰዓታችሁን ቁረጡ። የመተኛውን አይደለም፣ የመነሻውን። እንቅልፍ በትዕዛዝ አይመጣም፣ መነሳት ግን በእጃችን ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ካላችሁ እሁድም ያው ይሁን።

2. እንደተነሳችሁ ውጡ። በቃ ደጅ ላይ ሃያ ሰላሳ ደቂቃ። ክረምት ላይ የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ እንኳን የውጪው ብርሃን ከቤት አምፖል በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ፀሐይዋን አፍጥጣችሁ እንዳታዩ እንጂ።

3. ቡናና ጫት። እዚህ ላይ ወሎዬ እንደሚቆጣኝ አውቃለሁ ግን አብሽሩ፣ ተዉ አላልኩም። ካፌይን የሚሰራው አዴኖሲን የሚቀመጥበትን ቦታ ቀድሞ በመያዝ ነው፣ ድካሙ አልጠፋም ተደብቆ ነው ያለው፣ ከጠጣችሁት ውስጥ ግማሹ ከአምስት ሰዓት ገደማ በኋላም ደማችሁ ውስጥ አለ። ስለዚህ ማታ 4 ሰዓት የምትተኙ ከሆነ በረካው ከቀኑ 8 ሰዓት በፊት ይለቅ። ጫት ይብሳል፣ ውስጡ ያለው ካቲኖን የሚባል ንጥረ ነገር ዶፓሚንና ኖርአድሬናሊን የሚባሉ የሚያነቃቁ ኬሚካሎችን ስለሚያስለቅቅ ሰውነት ሌሊቱን ቀን ነው ብሎ ያስባል፣ ምርቃናው ሲወርድ ደግሞ ድብርቱና ዱካኩ ይመጣል፣ እሱን ለማብረድ ጨብሲ ይገባል፣ አልኮል ቶሎ ያስተኛል እንጂ የእንቅልፉን ሁለተኛ ግማሽ ይሰባብረዋል፣ ጠዋት በድካም ተነስቶ ድጋሚ ጫት። ቢያንስ በርጫውን ወደ ቀትር አምጡት።

4. ማታ ብርሃን ቀንሱ። ከመተኛታችሁ አንድ ሁለት ሰዓት በፊት ትልቁን አምፖል አጥፉ፣ ስልክ ከአልጋ ይራቅ፣ አይናችን ውስጥ ሰዓቱን የሚነግሩት ሴሎች ሰማያዊ ብርሃን ላይ በጣም ንቁ ናቸው።

5. የሌሊት ሺፍት ያላችሁ ሁሉንም ገልብጡት። ስራ ስትጀምሩ ደማቅ ብርሃን ፈልጉ፣ ቡናም ከፈለጋችሁ ያኔ፣ ከሺፍቱ አጋማሽ በኋላ ግን አይሆንም። ስትወጡ ጥቁር መነጽር ወይም ሰፊ ኮፍያ፣ ፀሐይዋ አንጎላችሁን እንዳትቀሰቅሰው፣ ቤት ገብቶ ወዲያው መተኛት፣ መስኮቱን በወፍራም ብርድ ልብስ መጋረድ። ቤተሰብ ካለ እማማ ለቡና የሚጠሯቸውን ጎረቤቶች ወደ ከሰዓት ያድርጓቸው፣ ቀን የሚተኛ ሰው ሰነፍ አይደለም። ግን ራሳችሁ የምትነዱ ከሆነ መነጽሩም ይቅር መንዳቱም ይቅር፣ ሌሊት 10 እና 11 ሰዓት አካባቢ ንቃት በጣም የሚወርድበት ሰዓት ነው፣ በደሴና ኮምቦልቻ መካከል ያለው የሐረጎ ቁልቁለት ላይ በዛ ሰዓት ማሸለብ ምን እንደሆነ ታውቁታላችሁ። መንዳቱ ግድ ከሆነ እዛው ስራ ቦታ ሃያ ደቂቃ አሸልቡና ሂዱ።

6. ሌሊት ከባድ ምግብ አትብሉ፣ ጉበትና ቆሽትም የራሳቸው ሰዓት አላቸው። ረመዳን ላይ ሱሁር ግድ ነው፣ ያኔ የጎደለውን እንቅልፍ ከዙሁር በኋላ በአጭሩ ሙሉት፣ ጠዋት ግን ብርሃኑን አትዝለሉ።

አንድ ነገር በዚህ ዝርዝር አይፈታም። ሰውየው ለቀናት ሳይተኛ ጭራሽ ጉልበቱ እየጨመረ፣ ወሬው እየፈጠነ፣ ገንዘብ እየበተነ ከሆነ፣ ወይም መኖር አስጠላኝ የሚል ከሆነ ሳታቆዩ ደሴ ሪፈራል ሆስፒታል የአእምሮ ህክምና ውሰዱት፣ ባይፖላር (ስሜት ከልክ በላይ የሚወጣና የሚወርድበት ህመም) ያለበት ሰው ላይ እንቅልፍ ማጣት ብቻውን ህመሙን ሊቀሰቅሰው ይችላል። ጸበሉንም ዱዓውንም ጎን ለጎን ማድረግ ይቻላል፣ መድኃኒቱን ግን እንዳያቋርጥ።

ሺፍት አውጪዎች ደግሞ ይሄን ካነበባችሁ፣ ተራውን ከጠዋት ወደ ከሰዓት ከከሰዓት ወደ ሌሊት አድርጉት እንጂ ወደኋላ አታዙሩት። የአብዛኛው ሰው የውስጥ ሰዓት ከ24 ሰዓት ትንሽ ስለሚረዝም አምሽቶ መተኛት ቀድሞ ከመተኛት ይቀላል፣ ለፋብሪካውም ወጪ የለውም።