በጣና ላይ ለምትሠራ ትንሽ ጀልባ ሶናርና ጂፒኤስ ሲገዙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሶናር ከጀልባው ሥር ያለውን ወለልና ዓሣ በድምፅ እየለየ በስክሪን የሚያሳይ ዕቃ ነው። ካርቶኑ ላይ ጎላ ብሎ የሚታተመው ቁጥር የሚደርስበት ጥልቀት ነው፤ 200 ሜትር፣ 300 ሜትር፣ አንዳንዱ ከዚያም በላይ። ጣና ግን በአማካይ 8 ሜትር ገደማ ነው፤ በጣም ጥልቅ የሚባለው ቦታው እንኳ 14 ሜትር ያህል ነው። ሐዋሳ 22 ሜትር አካባቢ ይደርሳል፤ የዝዋይ አማካይ ጥልቀት 3 ሜትር አይሞላም። እነዚህ ሐይቆች ላይ ለሚሠራ ሰው ያ ትልቅ ቁጥር ዋጋ ከመጨመር ሌላ ፋይዳ የለውም። ዕቃው በዘመድ እጅ ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ ሲመጣ ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ ላኪው ዋጋውን እንጂ ውኃውን አያውቀውም።

በዋት መማረክ

ዋት ዕቃው ወደ ውኃው የሚልከው ድምፅ ጉልበት ነው። ሶናር ድምፅ ወደ ታች ይልክና ከወለሉ ነጥሮ እስኪመለስ ያለውን ጊዜ ይለካል። ድምፅ በውኃ ውስጥ በሰከንድ 1500 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ 8 ሜትር ወርዶ ለመመለስ የሰከንድ አንድ መቶኛ ያህል ይበቃዋል። ይህን ለመስማት ትንሹ ዕቃ አያንስም። በዚያ ላይ የዋት ቁጥር የሚለካበት መንገድ ሁለት ነው። ሻጭ 4000 ዋት ብሎ የሚያወራው ከጫፍ እስከ ጫፍ የተለካውን ሊሆን ይችላል፤ ያው ዕቃ በአርኤምኤስ፣ ማለትም በአማካይ ጉልበቱ፣ ሲለካ 500 ዋት ነው። ሁለት ዕቃ ሲያወዳድሩ በአንድ ዓይነት መለኪያ መሆኑን ይጠይቁ፤ ከዚያ ቁጥሩን ይርሱት።

ሶናሩ ምን ያህል ቦታ እንደሚያይ አለማስላት

ጥልቀት በሌለው ውኃ ትልቁ ጉዳይ ይሄ ነው፤ ሲገዛ ግን ማንም አይጠይቀውም። ድምፁ ከላኪው፣ ማለትም ከትራንስዱሰሩ፣ የሚወጣው እየሰፋ እንደሚወርድ የባትሪ መብራት ነው። ስፋቱ በድምፁ ድግግሞሽ፣ ማለትም በሰከንድ በሚርገበገብበት መጠን፣ ይወሰናል፤ በ200 ኪሎኸርዝ 20 ዲግሪ ያህል ነው። በ5 ሜትር ውኃ ላይ ይህ ማለት ወለሉ ላይ ከዳር እስከ ዳር 1.8 ሜትር ያህል ብቻ ያያሉ ማለት ነው፤ ከጀልባዎ ስፋት ብዙም አይበልጥም። ዝቅ ያለው ድግግሞሽ፣ 77 ወይም 83 ኪሎኸርዝ፣ ከ45 እስከ 60 ዲግሪ ድረስ ስለሚሰፋ በዚያው ጥልቀት ከ4 እስከ 6 ሜትር ያሳያል። ስለዚህ ለጣናና ለዝዋይ የሚሆነው ሁለቱንም ድግግሞሽ የሚሠራ ትራንስዱሰር ነው። 200 ብቻ ያለው ርካሽ ዕቃ ከጀልባው ሥር ያለችውን ቁራጭ ቦታ አሳይቶ ስክሪኑን ባዶ ያደርገዋል፤ ባለቤቱም ሐይቁ ባዶ ነው ብሎ ይሄዳል። በ4 ሜትር ውኃ ሞተር እያንኳኳ የሚመጣ ጀልባ ሥር ቆሞ የሚጠብቅ ዓሣም ጥቂት ነው።

ገንዘብ ተርፎ አንድ ነገር ይጨመር ከተባለ፣ ስክሪን ከማስፋት ይልቅ ወደ ጎን የሚያየውን ሶናር ብመርጥ ይሻለኛል። ይኼኛው በ455 ወይም በ800 ኪሎኸርዝ እየሠራ ጀልባው ያልደረሰበትን ግራና ቀኝ ያሳያል፤ በ5 ሜትር ውኃ ወደ እያንዳንዱ ጎን 20 ሜትር ያህል ማየት ይቻላል። የሰመጠ ግንድ፣ ድንጋይ፣ የቀረ መረብ፣ ሰብሰብ ያለ ዓሣ ሁሉ ይለያል። የሚጠይቀው ትዕግሥት ብቻ ነው፤ በዝግታና በቀጥታ መሄድ አለብዎት፤ ሲዞሩ ሥዕሉ ይጣመማል። በክረምት ወደ ጉማራና ወደ ርብ ወንዝ አፍ ይዘውት ቢሄዱ ብዙ ዓሣ ያሳይዎታል፤ ያ ግን ለመራባት ወደ ወንዝ የሚወጣ የባርበስ ዘር ነው፤ እዚያ መረብ መጣል የነገን ዓሣ ዛሬ መጨረስ ነው።

ስክሪኑን እንደ ካሜራ ማየት

ስክሪኑ ላይ አሁን የሆነው በስተቀኝ ያለው ጠርዝ ብቻ ነው። ወደ ግራ የሚሄደው ሁሉ ያለፈ ነው። ጀልባው ቆሞ አንዲት ዓሣ ከሥሩ ብትቆም ስክሪኑ ረጅም መስመር ይሥላል፤ ይህን አይቶ ትልቅ ዓሣ አገኘሁ የሚል ብዙ ነው። ከዚህ የሚመጣ ሌላ ጥፋት አለ። ዓሣውን በስክሪኑ መሃል አይተው የጂፒኤስ ምልክት ሲያደርጉ ዕቃው የሚመዘግበው አሁን ያሉበትን ቦታ ነው። በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር እየሄዱ ከ10 ሰከንድ በኋላ ቢጫኑት 22 ሜትር አልፈዋል። ጠቋሚውን ወደ ኋላ መልሰው ዓሣው ላይ አድርገው ምልክት የሚያስቀምጥ ዕቃ ከሆነ በዚያ ይጠቀሙ፤ ሲገዙም ይህ እንዳለው ይጠይቁ።

የዓሣ ሥዕል የሚያወጣውን አማራጭ ያጥፉት። ሶናር ከዓሣ አካል አጉልቶ የሚያየው በሆዱ ውስጥ ያለውን የአየር ከረጢት ነው፤ አየር የያዘ አረፋም ሆነ ተንሳፋፊ ሣር ለእሱ ዓሣ ይመስለዋል። ጭቃ ላይ የተኛ አምባዛ ደግሞ ከወለሉ ጋር ተቀላቅሎ ጭራሽ ላይታይ ይችላል። እንቦጭ በበዛበት የሐይቁ ዳር ሥሩ ትራንስዱሰሩ ላይ እየተጠመጠመ ሥዕሉን ስለሚያበላሽ፣ ስክሪኑ ድንገት ከደበዘዘ ዕቃው ተበላሸ ከማለትዎ በፊት ወደ ኋላ ዘንበል ብለው ይመልከቱ።

“ካርታ አለው” ሲባል ማመን

አለው፤ የአሜሪካ ሐይቆች ካርታ። ጣና በእነዚህ ዕቃዎች ላይ ብዙ ጊዜ ሰማያዊ ቅርጽ ብቻ ነው፤ ጥልቀት የለውም፣ ድንጋዩም የለም። ስለዚህ ለካርታው ተጨማሪ መክፈል አይገባም። መክፈል የሚገባው ራስዎ ካርታ እንዲሠሩ ለሚያስችል ዕቃ ነው፤ ጀልባው በሄደበት ሁሉ ጥልቀቱን ከጂፒኤሱ ጋር እያያዘ የወለሉን መስመር ይሥላል። ለምሳሌ የጋርሚን ስትራይከር ፕላስ ሞዴሎች የካርታ ካርድ አይቀበሉም፤ የራስን ካርታ መሥራት ግን ይችላሉ። ለጣና ይሄኛው ከውዱ ባለ ካርታ ዕቃ ይበልጣል ባይ ነኝ።

ካርታውን ሲሠሩ ታዲያ ወቅቱን ይጻፉ። የጣና ውኃ ከክረምት መጨረሻ እስከ ሰኔ መግቢያ 1.5 ሜትር ያህል ይወርዳል። በመስከረም 2 ሜትር ብሎ የመዘገበው ድንጋይ በግንቦት ፕሮፔለር ይሰብራል። ዕቃው የውኃውን ከፍታ ልዩነት የሚያስተካክሉበት ቦታ ካለው ይጠቀሙበት።

የጂፒኤስን ቁጥር ዝም ብሎ መቅዳት

እውነቱን ለመናገር፣ ማታ መረብ ዘርግቶ ጠዋት ለሚያነሣ ሰው ከሶናሩ ይልቅ እንጀራ የሚያበላው ጂፒኤሱ ነው። ሰማይ ክፍት በሆነበት ሐይቅ ላይ እስከ 5 ሜትር ድረስ ተጠግቶ ቦታን ያሳያል፤ ጎህ ሳይቀድ ተንሳፋፊውን ለማግኘት ከበቂ በላይ ነው። የሚያሳስተው የቁጥሩ አጻጻፍ ነው። ባሕር ዳር አካባቢ ያለ ቦታ 11 ዲግሪ ከ35.500 ደቂቃ ተብሎ ሲነገርዎት፣ 11.35500 ዲግሪ ብለው ቢያስገቡት ዕቃው 26 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ፣ የብስ ላይ ይልክዎታል። ቁጥር ከሰው ከመቀበልዎ በፊት ሁለታችሁም ዕቃችሁ በአንድ ዓይነት አጻጻፍ መሆኑን ተያዩ። ከድሮ የካርታ ሥራዎች ድርጅት ወረቀት ላይ ነጥብ የሚወስድ ደግሞ ሌላ ነገር ይወቅ፤ እነዚያ ካርታዎች አዲንዳን በሚባለው የቦታ መለኪያ መነሻ የተሠሩ ናቸው፤ ጂፒኤስ የሚሠራው ደብልዩጂኤስ 84 በሚባለው ሌላ መነሻ ነው። ልዩነታቸው ሁለት መቶ ሜትር አካባቢ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ጂፒኤስ የጀልባዎ አፍንጫ ወዴት እንደዞረ የሚያውቀው ጀልባው ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው። ሞተር ጠፍቶ ነፋስ ሲያንገላታዎት ስክሪኑ ላይ ያለው ቀስት እንደፈለገ ይዞራል፤ በጨለማ ያንን አምኖ መቅዘፍ አደጋ ነው። ርካሽ ኮምፓስ ኪስ ውስጥ ይኑር። ፍላጎትዎ ወደ ቤት መመለሻውን መንገድ ማወቅ ብቻ ከሆነ፣ ካርታ አስቀድሞ የተጫነበት ስልክ ያለ ኔትወርክም ይሠራል፤ ውኃ በማያስገባ ከረጢትና ከፓወርባንክ ጋር ይያዝ።

ትራንስዱሰሩን የትም መለጠፍ

ፋይበርግላስ ጀልባ ከሆነና መሃሉ እንጨት ወይም ፎም ከሌለው፣ ትራንስዱሰሩን ከውስጥ መለጠፍ ይቻላል። በእንጨት፣ በብረት ወይም ፎም ባለው ጀልባ ግን ድምፁ አያልፍም፤ ትራንስዱሰሩ ውኃውን መንካት አለበት። ከኋላ ሲገጠም ከፕሮፔለሩ ራቅ ይበል፤ አብዛኞቹ ፕሮፔለሮች ወደ ቀኝ ስለሚዞሩ ቀኙ ጎን ይመረጣል። ከፊቱ ብሎን ወይም የብረት ጎድን ካለ አረፋ ያስገባበታል። ጀልባ ተከራይቶ የሚሠራ ሰው በእንጨት ዘንግ አስሮ ከጎን ቢያወርደው ይበቃል። ለታንኳ ገመድ የሌለው፣ በውኃ ላይ የሚወረወርና ከስልክ ጋር የሚገናኝ ሶናር አለ።

ባትሪውን መርሳት

ባለ 5 ኢንች ስክሪን ዕቃ ከግማሽ እስከ 1 አምፔር ይበላል። 7 አምፔር-ሰዓት ያለው የዩፒኤስ ባትሪ ከግማሹ በታች ሲወርድ ዕድሜው ያጥራል፤ ስለዚህ በአንድ ቻርጅ 4 ሰዓት ገደማ ይቆጥሩ። ሌሊቱን ሙሉ ለሚሠራ አይበቃም። ከሞተሩ ማስነሻ ባትሪ ጋር ማገናኘት ደግሞ ሞተር በተነሣ ቁጥር ዕቃውን ያጠፋዋል፤ ስክሪኑንም በጭረት ይሞላዋል። የራሱ ባትሪ፣ የራሱ ፊውዝ፣ ገመዱም ከሞተሩ ገመድ ተለይቶ ይሂድ።

ዘመድ ከመክፈሉ በፊት የካርቶኑን ጎን ፎቶ አንሥቶ ይላክልዎት። ስክሪኑ ብቻ የሚሸጥበት ዓይነት አለ፤ ርካሽ የሚመስለው ትራንስዱሰር ስለሌለው ነው፤ ለብቻው ቢገዛም ሶኬቱ ከዕቃው ጋር ላይገጥም ይችላል። ጉምሩክ ስለ ጂፒኤስ ዕቃ የሚጠይቀውን ፈቃድ ሰውየው አውሮፕላን ከመሳፈሩ በፊት ያጣሩ። ዕቃው እጅዎ ሲገባ ደግሞ መለኪያው በጫማ (በእንግሊዝኛው ፊት) ሆኖ ይመጣ ይሆናል፤ ወደ ሜትር ይቀይሩት፤ 12 የሚለው 12 ሜትር ሳይሆን 3.7 ሜትር ውኃ ነው።