የአዮን ኳንተም ጌት ስህተት ከየት እንደመጣ እንዴት ይለያል?

በአዮን ወጥመድ በሚሠራ ኳንተም ኮምፒውተር ጌት (አንዱ የስሌት እርምጃ) ማለት አየሩ በተመጠጠ ዕቃ ውስጥ በኤሌክትሪክ መስክ የተያዘን አዮን (ኤሌክትሮን የጎደለው አተም) ለተወሰነች ጊዜ በሌዘር መምታት ነው። ጌቱ ሲሳሳት የስህተቱ መጠን ብቻውን ብዙ አይነግራችሁም። ምንጩን የሚያጋልጠው ስህተቱ የሚያድግበት መንገድ ነው። ባሕር ዳር ተቀምጣችሁ ወጥመዱን ባታገኙም፣ ላፕቶፕና ስልክ ካላችሁ ዋናውን ነገር መለማመድ ትችላላችሁ።

1. ያለ ጌት ለኩ። አዮኑን አዘጋጅቶ ወዲያው ማንበብ ነው። እዚህ የታየው ስህተት የዝግጅትና የንባብ ስለሆነ በጌቱ ላይ አትጫኑት።

2. ጌቱን ደጋግሙ። ከሁሉም በላይ ጊዜ ልትሰጡት የሚገባው ይህ ነው። ኩቢቱን (መረጃውን የሚይዘውን አዮን) ከ0 ወደ 1 የሚገለብጥ ምት 180 ዲግሪ ያዞረዋል። ምቱ በ1 በመቶ ቢበዛ 1.8 ዲግሪ ትርፍ አለ፤ ስህተቱ የ0.9 ዲግሪ ሳይን በራሱ ሲባዛ ነው፣ ማለትም ከ10,000 ወደ 2.5 ገደማ። ምቱን 10 ጊዜ ስትደግሙት ትርፉ 18 ዲግሪ ይደርሳል፤ ስህተቱም ወደ 2.4 በመቶ ይዘላል። 100 እጥፍ ማለት ነው! የምቱ መጠን በየጊዜው ወዲያና ወዲህ የሚዋዥቅ ቢሆን ግን እድገቱ በአማካይ 10 እጥፍ ብቻ ነበር። የመጀመሪያው በካሊብሬሽን (የምቱን መጠን ለክቶ በማረም) ይስተካከላል፤ ሁለተኛው ሌዘሩን ማረጋጋት ይጠይቃል። ኤክሴል ላይ ሞክሩት፤ ሳይንን የሚያሰላው በራዲያን ስለሆነ ዲግሪውን መቀየር እንዳትረሱ።

3. ማግኔቱን መርምሩ። ጣና ዳር ሜዳ ላይ ቆማችሁ በስልካችሁ የማግኔት መለኪያ አፕ ክፈቱ፤ ከ30 እስከ 40 ማይክሮቴስላ ያሳያችኋል። ከዚያ ስልኩን ወደ ቆመ ባጃጅ አስጠጉት፣ ቁጥሩ ሲቀያየር ታያላችሁ። መረጃውን በኤሌክትሮኑ ስፒን (እንደ ትንሽ ማግኔት በሚያደርገው ባሕርይ) ላይ የሚይዝ የካልሲየም 40 ኩቢት በ1 ማይክሮቴስላ ለውጥ ብቻ ፍሪኩዌንሲው 28 ኪሎኸርዝ ይንሸራተታል። በ50 ኸርዝ የሚመላለሰው የመብራት ኃይልም ይረብሸዋል። ስለዚህ ወጥመዱን በማግኔት ጋሻ ይሸፍኑታል፣ ሙከራውንም ከመብራቱ ዑደት ጋር እኩል ያስጀምሩታል፤ ወይም እንደ ይተርቢየም 171 ለማግኔት እምብዛም የማይደነግጥ አዮን ይመርጣሉ።

4. አዮኖቹን ካቀዘቀዛችሁ በኋላ ጌቱን ሳትጀምሩ ቆዩ። የሁለት አዮን ጌት በጋራ እንቅስቃሴያቸው ላይ የተመሠረተ ነው። ከወጥመዱ ኤሌክትሮዶች (መስኩን ከሚፈጥሩት ብረቶች) ገጽ የሚመጣ የኤሌክትሪክ ሁከት ያንን እንቅስቃሴ ያሞቀዋል። በቆያችሁ ቁጥር ስህተቱ ከጨመረ ጥፋቱ የሙቀቱ ነው፤ ወጥመዱን በጣም ማቀዝቀዝ ይረዳል።

5. የተረፈውን ስህተት ለፎቶን (ለብርሃን ቅንጣት) ስጡት። ሌዘሩ አልፎ አልፎ አዮኑን ወደ ላይኛው እርከን አንስቶ ፎቶን ያስለቅቀዋል፤ ይህን ካሊብሬሽን አይነካውም። በ2016 የኦክስፎርድና የአሜሪካው የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም (ኒስት) ተመራማሪዎች የሁለት አዮን ጌትን ወደ 99.9 በመቶ ሲያደርሱ፣ ከቀሯቸው ዋና ዋና ስህተቶች አንዱ ይሄው ነበር። የሌዘሩን ፍሪኩዌንሲ አዮኑን ወደ ላይኛው እርከን ከሚያነሳው ፍሪኩዌንሲ ማራቅ ስህተቱን ይቀንሳል፤ ነገር ግን የሌዘሩ ጉልበት ካልጨመረ ጌቱ ይዘገያል፣ የዘገየ ጌት ደግሞ ለማግኔቱና ለሙቀቱ ይጋለጣል። ስለዚህ ፍሪኩዌንሲውን በቀየራችሁ ቁጥር 3ኛውንና 4ኛውን እንደገና ለኩ።