ታሪክ ለሚያዘበራርቁ ልጆች

ልጆች ታሪክ ሲነግሩ መጨረሻውን ያስቀድማሉ? የመንዝን ዝተት (ከበግ ፀጉር የሚሠራውን ብርድ ልብስ) ታሪክ በ4 ሥዕል ሣሉ፦ በጉ ሲሸለት፣ ፀጉሩ ሲፈተል፣ ሲሸመን፣ ሕፃን ተከናንቦት ሲተኛ። 15 በ15 ሴንቲ ሜትር ካሬዎች ላይ አዘበራርቃችሁ ዘርጓቸው። ቁልፎቿ ሲጫኑ የምትሄደው ቢ-ቦት የምትባል የንብ ቅርጽ ሮቦት አንድ እርምጃዋ ልክ አንድ ካሬ ናት። ልጁ በታሪኩ ቅደም ተከተል እንድትሄድ ቁልፎቿን ይጫን።

ሮቦቷ ይሉኝታ አታውቅም። በጉ ሳይሸለት ወደ ሽመናው ከላካት ትሄዳለች፤ ስህተቱን ራሱ ያየዋል። አዲስ ትዕዛዝ ከመስጠቱ በፊት የማጥፊያውን ቁልፍ ይጫን፤ አለዚያ በቀድሞው ላይ ትደርበዋለች። ሮቦት ከሌለ አንዱ ልጅ ሮቦት ይሁን (እንዲያውም ሳቁ ይበዛል)።

ግራና ቀኙን ላልለየ ልጅ ግን መታጠፉ ይቅር። ሥዕሎቹን በአንድ መስመር አድርጉለት፤ ወደፊትና ወደኋላ ይበቃዋል።