የእንስሳት ሐኪም ከሥራ በኋላ ምን ያንብብ?

ለእንስሳት ሐኪም የሚሆን መረጃ ሞልቷል። የጠፋው ጊዜ ነው። የምሠራው ዓለም ገናና ሰበታ መካከል ነው። ጠዋት የወተት ላም፣ ከሰዓት ውሻና ዶሮ፣ አልፎ አልፎም ጋሪ የሚጎትት አህያ። ማታ ቦት ጫማዬን አጥቤ ስቀመጥ ለንባብ የምትተርፈኝ ትንሽ ሰዓት ናት። እሷንም ስልክ ይሻማታል። ስለዚህ ዜናውንም፣ ዌቢናሩንም፣ መጽሔቱንም ሁሉ ልከታተል ማለት አያዋጣም። እኔ የማነበው ዕለቱን በረት ውስጥ የገጠመኝን ነው። ለጀማሪ ባልደረቦቼም የምመክረው ይህንኑ ነው። መጀመሪያ ጥያቄ ይኑራችሁ፤ የት እንደሚነበብ መፈለግ ከዚያ በኋላ ይቀላል።

ጥያቄውን አጥብቡት

ጋዋኔ ኪስ ውስጥ ትንሽ ደብተር አለች። የከበደኝን ነገር እዚያው በረቱ ደጃፍ ቆሜ እጽፋለሁ። አጻጻፉ ወሳኝ ነው። «የጡት በሽታ» ብሎ መጻፍ ጥያቄ አይደለም፤ ሙሉ ምዕራፍ ነው። «ከወለደች ሁለት ሳምንቷ፣ አንዱ ጡቷ ያበጠ፣ ትኩሳት የላትም፤ ጡቷ ውስጥ የሚጨመር የመድኃኒት ቲዩብ ብቻ ይበቃታል ወይስ መርፌም ይጨመር?» ይህ ግን መልስ ሊገኝለት ይችላል። ጥሩ ጥያቄ የሚያመጡት ደግሞ ባለ ላሞቹ ናቸው። አንዲት እናት «ዶክተርዬ፣ ወተቱን ከመቼ ጀምሬ ልሽጥ?» ሲሉኝ፣ የማታው ንባቤ ተወሰነ ማለት ነው።

መልስ ፍለጋ መጀመሪያ የምከፍተው የኤምኤስዲ ቬተሪናሪ ማኑዋልን ነው። በመጽሐፍነት የወጣው እ.ኤ.አ. በ1955 ነው፤ ዛሬ ኢንተርኔት ላይ በነጻ ይነበባል። አሜሪካኖቹ ሜርክ ይሉታል፤ ግራ እንዳትጋቡ፣ አንድ ነው። ለባለሙያና ለእንስሳት ባለቤት የተለያየ ክፍል ስላለው የባለሙያውን ምረጡ።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። መጽሐፉ የሚነግራችሁ በኪሎ ስንት ሚሊ ግራም እንደሚሰጥ ነው። እጃችሁ ላይ ያለው ደግሞ ጠርሙስ ነው። ኦክሲቴትራሳይክሊን የተባለውን አንቲባዮቲክ እንውሰድ። ባለ 10 በመቶው በአንድ ሚሊ ሊትር 100 ሚሊ ግራም አለው። ረጅም ጊዜ የሚሠራው ባለ 20 በመቶ 200 አለው። 350 ኪሎ ለምትመዝን ላም የመጀመሪያውን በኪሎ 10 ሚሊ ግራም ብታሰሉት 35 ሚሊ ሊትር ይመጣል። ሁለተኛውን በተለመደው 20 ሚሊ ግራም ብታሰሉትም ያው 35 ነው! ሲሪንጁ ላይ አንድ ዓይነት ይመስላል። ላሟ ውስጥ የገባው መድኃኒት ግን እጥፍ ነው፤ ሰውነቷ ውስጥ የሚቆይበት ጊዜም ለየቅል ነው። ካርድ ላይ «35 ኦክሲ» ብሎ ጽፎ መሄድ ለቀጣዩ ሐኪም ምንም አይነግረውም።

ወተቱ የማይሸጥባቸው ቀናትም ከምርት ምርት ይለያያሉ። ስለዚህ ለእኚያ እናት የሚሰጠው መልስ የሚገኘው ከያዛችሁት ጠርሙስ መግለጫ ነው። እዚያ ከተጻፈው በላይ ከሰጣችሁ ወይም መርፌና ቲዩብ ከደረባችሁ ደግሞ የተጻፈው ቀን አይበቃም። ይህንን ለባለቤቷ በግልጽ ንገሩ። የሚመቻቸው ኦሮምኛ ከሆነ በኦሮምኛ ይነገር፤ እኛ አካባቢ በአማርኛ ብቻ ተነግሮ የሚቀር ምክር ብዙ ነው።

ወሬና ዜና

«አፍተግር ገባ»፣ ማለትም የከብት የአፍና የእግር በሽታ መጣ፣ የሚለው ወሬ ከሐኪሙ ቀድሞ ገበያ ይደርሳል። ወሬን አልንቅም። ለወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ፣ ለከብት ነጋዴና ለወተት ሰብሳቢ ከደወልኩ የአካባቢው ሁኔታ በአብዛኛው ይገባኛል። በይፋ የተነገረውን ለማየት ደግሞ የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት ዋሂስ የሚለውን የመረጃ ቋት እከፍታለሁ። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ1924 የተቋቋመ ነው፤ ጽሕፈት ቤቱ ፓሪስ ነው። እስከ 2022 ድረስ ይጠራበት በነበረው ምህጻር ብዙዎቻችን አሁንም ኦአይኢ እንለዋለን።

እዚያ የሚወጣው አገሮች ራሳቸው ያሳወቁት ነው። ዝም ያለ አገር ሁሉ በሽታ የለበትም ማለት አይደለም። ሪፖርት ስትከፍቱ በሽታው የጀመረበትን ቀንና የተነገረበትን ቀን አስተያዩ። በመካከላቸው ሳምንታት ካለፉ በሽታው እስካሁን የት ደርሶ ይሆን ብላችሁ አስቡ። ቀጥሎ ላብራቶሪ ያረጋገጠው መሆኑን እዩ። አፍተግር ከሆነ ደግሞ ሴሮታይፑን፣ ማለትም የቫይረሱን ዓይነት፣ ፈልጉ። እኛ አገር በብዛት የሚታወቁት ኦ፣ ኤ እና ሳት 2 ናቸው፤ የአንዱ ክትባት ለሌላው አይሆንም። ሴሮታይፑ ያልተጠቀሰበት ዜና በረት ለመዝጋትና እንግዳ ከብት ላለማስገባት ይበቃል። ለክትባት ውሳኔ ግን አይረባኝም።

ቴሌግራም ላይ ያሉት የሙያ ግሩፖች ይጠቅማሉ፤ ያደክማሉም። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ አንድ የደበዘዘ ፎቶ ይለቀቃል። «ይህ ምንድን ነው?» ከሥሩ የመድኃኒት ዓይነት ይደረደራል። ዕድሜ የለ፣ ትኩሳት የለ፣ ትከተብ አትከተብ የሚያውቅ የለ። እስቲ እንዲህ ጻፉት፦ «የሆልስታይን ዲቃላ፣ አራት ዓመት፣ ሁለተኛ ወሊድ፣ ትኩሳት 40.5፣ ከሦስት ቀን ወዲህ ቆዳዋ ላይ እብጠት፣ አምና ተከትባለች፣ በረቱ ውስጥ ካሉት ስድስት ከብቶች ሁለቱ ታመዋል።» እንዲህ ሲጻፍ የሚመልሰው ሰው ይቀየራል። ሁልጊዜ ዝም የሚሉት አንጋፋዎች ብቅ ይላሉ። «በዚህ መድኃኒት ዳነችልኝ» የሚለውን መልስ ግን ማስረጃ አልለውም፤ ሳይታከም የሚድን በሽታ ብዙ ነው። የደንበኛን ስምና ግቢ የሚያሳይ ፎቶ መለጠፍማ ነውር ነው።

ላብራቶሪውም ትምህርት ቤት ነው

ሰበታ አጠገብ መሥራት አንድ ዕድል አለው። ድሮ ናህዲክ እንለው የነበረው፣ አሁን የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት የተባለው ብሔራዊ ላብራቶሪ እዚሁ ነው። ግምትን ከላብራቶሪ ውጤት ጋር ማስተያየትን የሚያህል ትምህርት አላየሁም። ናሙና ከመውሰዳችሁ በፊት ደውላችሁ ጠይቁ፤ ምን ዓይነት ናሙና፣ በምን ዕቃ፣ በምን ቅዝቃዜ። ለአፍተግር የሚፈለገው ከውኃ ቋጠሮው ላይ የሚነሳው ሽፋን ነው። የሚቀመጠውም ፒኤቹ ከ7.2 እስከ 7.6 በሆነ ግሊሰሪን ያለው ማቆያ ፈሳሽ ውስጥ ነው፤ አሲድ ቫይረሱን ያጠፋዋል። አባ ሰንጋ ከተጠረጠረ ሬሳው ጨርሶ አይከፈትም። ከጆሮ ደም ሥር በጥንቃቄ የተወሰደ ደም ስላይድ ላይ ተቀብቶ ይመረመራል።

ከመላካችሁ በፊት ግምታችሁን ደብተር ላይ ጻፉ። አለበለዚያ ውጤቱ ሲመጣ ሁላችንም «ጠርጥሬ ነበር» ባዮች ነን።

ኮርስ፣ መጽሔትና ምሳ

ኮርስ የምመርጠው በወቅት ነው። ስለ ላምፒ ስኪን፣ የከብት ቆዳ ስለሚያሳብጠው በሽታ፣ ማንበብ ያለብኝ ክረምቱ ሳይወጣ፣ ተናካሽ ዝንብ ሳይበዛ ነው እንጂ ከብቱ ካበጠ በኋላ አይደለም። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት፣ ማለትም ፋኦ፣ ለእንስሳት ሐኪሞች በኢንተርኔት የሚሰጣቸው ነጻ ኮርሶች አሉት። ለእብድ ውሻ በሽታ ደግሞ ግሎባል አሊያንስ ፎር ራቢስ ኮንትሮል ነጻ የሰርተፊኬት ኮርስ ይሰጣል። እሱን ክሊኒካችሁ ውስጥ ላሉ ረዳቶችም አስወስዱ፤ ውሻውን የሚይዙት እነሱ ናቸው።

የውጭ ዌቢናር ሲመዘገቡ ሰዓቱን ማስላት ነው። በግሪንዊች 14፡00 ካሉ በእኛ ከቀኑ 11 ሰዓት ነው። ላም የሚታለብበት፣ ስልክ የማያባራበት ሰዓት! እኔ ተመዝግቤ ቅጂውን እጠብቃለሁ። የሌሊት ፓኬጅ ገዝቶ አውርዶ በማግስቱ ታክሲ ውስጥ መስማት ይቻላል።

ከመጽሔቶች የምጀምረው በአገር ቤቱ ነው። የኢትዮጵያ የእንስሳት ሐኪሞች ማኅበር የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው። የሚያሳትመው ኢትዮጵያን ቬተሪናሪ ጆርናል አፍሪካን ጆርናልስ ኦንላይን ላይ በነጻ ይገኛል። የቢሾፍቱው የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢንተርኔት ማከማቻ አለ። ጥራቱ ይለያያል፤ ግን የራሳችሁን ወረዳ ስም ርዕሱ ላይ ልታገኙ ትችላላችሁ። ከውጭዎቹ ቢኤምሲ ቬተሪናሪ ሪሰርችና ፍሮንቲርስ ኢን ቬተሪናሪ ሳይንስ ለማንበብ ክፍያ አይጠይቁም።

ጥናት ሳነብ ከመደምደሚያው በፊት አሠራሩን አያለሁ፤ የት፣ በምን ዓይነት ከብት፣ ከምን ጋር ተወዳድሮ። ምሳሌ ልስጥ። እ.ኤ.አ. በ2015 ቫክሲን በተባለው መጽሔት ላይ የወጣ የኢትዮጵያ ጥናት ሦስት የላምፒ ስኪን ክትባቶችን አወዳድሮ ነበር። ጎርጋን የሚባለው የፍየል ፈንጣጣ ክትባት ተከላከለ። ኬኤስጂፒ ኦ-180 እና ኒትሊንግ ግን አልተከላከሉም። መደምደሚያውን ብቻ ያነበበ ሰው «ኒትሊንግ አይሠራም» ብሎ ይነሳል። ነገር ግን ከ2016 ጀምሮ በባልካን አገሮች ወረርሽኙ የተገታው በኒትሊንግ ክትባት ዘመቻ ነው። ስሙ አንድ ሆኖ ምርቱና አመራረቱ ሊለያይ ይችላል። ለእኔ ከዚህ የሚወጣው የሥራ ምክር ቀላል ነው፦ ክትባት በሰጣችሁ ቁጥር የክትባቱን ዝርያ ስም፣ የባች ቁጥሩንና ቀኑን መዝግቡ። የተከተበ ከብት ሲታመም የሚጠየቀው መጀመሪያ እሱ ነው።

የመድኃኒት አስመጪዎች የሚያዘጋጁት ስልጠናም አለ። ሂዱ፣ ምሳው ጥሩ ነው። ስላይዱ ሲያልቅ ንጥረ ነገሩ ምንድን ነው፣ እዚህ አገር ተመዝግቧል ወይ፣ ወተት ስንት ቀን ይቆያል ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ካጣችሁ እስክሪብቶውን ይዛችሁ መመለስ ነው።

ስልካችሁ ላይ ያሉትን የቆዩ ፒዲኤፎችም እዩዋቸው። ውሻ የምታክሙ ከሆነ የዓለም ትናንሽ እንስሳት ሐኪሞች ማኅበር የክትባት መመሪያ በ2024 ታድሷል፤ እሱን በነጻ አውርዳችሁ የበፊቱን አጥፉ። የቡችላ ዋና ክትባቶች የመጨረሻ ዙር 16 ሳምንት ሲሞላው ወይም ከዚያ በኋላ መሆን አለበት። ቀጣዩንም ዓመት እስኪሞላው ከመጠበቅ 26 ሳምንት ገደማ ላይ መስጠትን ይመክራል። የቀጠሮ ካርዳችሁን በዚያው አስተካክሉት።